ዜሮ ለዜሮ ያውጣችሁ

ባለፈው ሰኔ ከገበያ ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ከድሮው ባቡር ጣቢያ በታች ጎማው ተነፈሰ። ሹፌሩ «ማዘር፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ አሁኑኑ እቀይረዋለሁ» አለኝ። ማዘር መባል ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬ ለምጄዋለሁ። ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ጥላ ፍለጋ ጥቂት እንደተራመድኩ ሞራ የጠጣ ቆዳ ሸተተኝ። ሞራ ተቀብቶ፣ በጨርቅ ታሽቶ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ቆዳ። እኔ ይህን ሽታ የማውቀው ከአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከኳስ። የዛሬ ኳስ የሚሸተው ፕላስቲክ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ከባልዲና ከጆግ ጋር ተሰቅሎ አየዋለሁ። በእኛ ጊዜ ኳስ ሞጆ ውስጥ በሰው እጅ ተሰፍታ፣ የበሬ ሞራ ጠጥታ ነበር የምትመጣው፤ ከጆንያዋ ስትወጣ ሽታዋ ዳር የቆምነው ዘንድ ይደርስ ነበር። ዝናብ ከነካትማ ድንጋይ ናት፤ በግንባሩ የመታት ሰው ራስ ምታቱን ይዞ ነው የሚያድረው። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት በልብስ ስፌት ነው። ቢሆንም ስለዚያ ዘመን ኳስ ከብዙ ወንድ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ ደጀኔ የአዳማ በረኛ ነበርና።

ያኔ የስምጥ ሸለቆው ከተሞች የራሳቸው ሊግ ነበራቸው። አዲስ አበባ አያውቀውም፣ ጋዜጣም ጽፎለት አያውቅ፤ እኛም ጋዜጣ አማረን ብለን አናውቅም። አዳማ፣ ሞጆ፣ ቆቃ፣ ወንጂ፣ መተሐራ፤ ባቡር ላይ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚያለፋው፣ ግድብ የሚጠብቀው፣ ሸንኮራ የሚቆርጠው፣ ሁሉም እሑድ እሑድ ማልያውን ለብሶ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። እንግዳው ቡድን በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ እየዘፈነ ይመጣል። መግቢያው ስሙኒ ነው፤ ስሙኒ ያጣ ግንብ ላይ ይወጣል፣ ግንብ መውጣት ያቃተው ጋሪ ላይ ይቆማል፣ ባለ ጋሪውም ለዚያ ያስከፍለዋል። ሳምቡሳ በአሥር ሳንቲም፣ ሸንኮራ ከወንጂ፣ ከቆቃ የመጣ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ተጠቅልሎ። ወንዶቹ ከታች መሬት የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ፣ ከላይ ጎፈሬ፤ እኛ ሴቶቹ ደግሞ ለሜዳ አቧራ በማይሆን ነጭ ጫማ። ከሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ድምፅ ማጉያው እየተንጫጫ ይዘፍናል፤ ግማሹን ቃል ነፋስ ይወስደዋል። የአዳማን ነፋስ የማያውቅ አያምነኝም። አውሎው ከሜዳው መሐል ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ፊቱን ይሸፍናል፣ ሲያልፍ ኳሷ የት እንደደረሰች በጋራ ትፈለጋለች። ሣር የሚባል ነገር የለም፤ ሜዳው የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ለዚህ ነው የደጀኔን ማልያ ክርኑ ላይ በአሮጌ ብርድ ልብስ ደርቤ የምሰፋለት። ያም ሆኖ በየሳምንቱ ቀድዶት ይመጣል። ስቆጣው «ማልያ ይሰፋል፣ የገባች ጎል አትወጣም» ይለኛል።

ሌላም ወግ ነበረን። ፍጻሜ ከሚደርሱት ሁለት ቡድኖች ጋር የተያያዘ ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ከጨዋታው በኋላ አብረው ሶደሬ ይወርዳሉ። ያሸነፈውም የተሸነፈውም አንድ መኪና ላይ ይጫናል፣ አንድ ፍል ውሃ ውስጥ ይገባል፣ እየተሳደበ እየተሳሳቀ ጀርባ ለጀርባ ይተሻሻል። ዋንጫ ብሎ ነገር የለም። ሽልማቱ የተጫወቱባት ኳስ ናት። ደግሞ ሕጉ አሮጌ ነው፤ ፍጻሜው እኩል ከወጣ ጭማሪ ሰዓትም ፍጹም ቅጣት ምትም የለም፣ በሚቀጥለው እሑድ እንደገና መጫወት ነው። ሕጉን ማን እንዳወጣው የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ያቺ ትንሽ ሕግ የሰው ነፍስ ትሸከማለች ብሎ ያወጣት ግን አይመስለኝም።

ዘመኑ እየከፋ መጣ። በመጀመሪያ ጦርነቱ ራዲዮ ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎ የሰው ልጅ ከየሰፈሩ መጉደል ጀመረ። አፈሳ የሚባለውን ቃል ያኔ ነው የተማርነው። ወጣት ወንድ ገበያ መሄድ ተወ፣ ሲኒማ ቤቱ ባዶውን ማሳየት ጀመረ። የአውራጃው የስፖርት ኃላፊ ግን ኳስ የሚወድ ሰው ነበር፤ ቡድን ሲጫወት አብሮ የሚራገጥ፣ ፊት ያለ ሰው ጀርባ በእግሩ የሚመታ ዓይነት። ለልጆቹ አዝኖ ይሁን ለኳሱ ሳስቶ አላውቅም፣ ከበላዮቹ አንድ ቃል አመጣ፤ ሊጉ እስኪያልቅ ተጫዋች አይነካም ተባለ። ሊጉ ደግሞ ያለቀ ያህል ነው፣ የቀረው ፍጻሜው ብቻ፤ አዳማ ከሞጆ። እሑድ ተጫወቱና ያለ ጎል እኩል ወጡ። ያ የእግዜር ሥራ ነበር፣ ማንም አልተመካከረም። እንደ ወጉ ሶደሬ ወረዱ፤ እዚያ ፍል ውሃው ውስጥ፣ ጆሮ በሌለበት፣ አንዱ «በሚቀጥለው እሑድም እኩል ብንወጣስ?» አለ። የእኛ ይሁን የሞጆ ደጀኔ ሊነግረኝ አልፈለገም። ብቻ እንፋሎቱ ውስጥ ሁሉም ሳቀ፣ ነገሩም በዚያው ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ የመጡት እሑዶች እንደ ሕልም ናቸው። ሞጆ ድረስ ይኬዳል፣ እኩል ይወጣል፤ አዳማ ይመጣል፣ እኩል ይወጣል። አጥቂው ሜዳውን አቋርጦ ይመጣና ጎል አፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ይተሳሰራል። ሕዝቡ አውቆ ይጮኻል፣ አውቆ ራሱን ይይዛል፣ አውቆ ዳኛውን ይሰድባል። ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ ከተማው በሙሉ አፉን ይዟል። ወሬ በጋሪ በሚበርበት በእኛ አገር እንዲህ ያለ ምሥጢር ሲጠበቅ ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። ልጇ እንዲያሸንፍ የተሳለች እናት በየቦታው አለች፤ የእኔ እናት ግን ልጇ እንዳያሸንፍም እንዳይሸነፍም ለገብርኤል ጃንጥላ ተሳለች። የጎን ጎረቤታችን ሙስሊም ነበሩ፤ እሳቸውም ለዚያው ለዜሮ ዱዓ ያደርጉ ነበር። እሑድ ጠዋት የሁለቱ ከተማ እናቶች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው «ዜሮ ለዜሮ ያውጣችሁ» ነበር፤ «አሜን፣ ዜሮ ለዜሮ ያውጣን»። ሳቅ አለበት፣ ግን እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

አልደሰት ያለ አንድ ሰው ቢኖር ደጀኔ ነው። በረኛ መሆን ለእሱ ሥራ አልነበረም፣ ጠባዩ ነበር። እቤት ውስጥ ብርጭቆ ከጠረጴዛ ሲወድቅ መሬት ሳይደርስ የሚይዝ ሰው ነው። አሁን ኳስ እየተንከባለለች፣ እየተለማመጠች እጁ ላይ መጥታ ትተኛለች። አንድ እሑድ ከድሬዳዋ በባቡር የመጣ፣ ነገሩን የማያውቅ መንገደኛ ጎሉ ጀርባ ቆሞ «ይቺንማ እናቴም ትይዛታለች!» ብሎ ሳቀበት። ሰዎች ጎሽመው ዝም አሰኙት። ያን ቀን ደጀኔ ምሳውን ሳይነካ ተነሣ። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ነፍስህ እኮ ናት» ብትለው «እማዬ፣ በዚች ነፍስ ምን ሠራሁባት?» አላት። ያኔ ጥጋብ መሰለኝ። ደስታውን የማያውቅ ሰው ብዬ በሆዴ ተቆጣሁት።

ያቺ የመጨረሻዋ እሑድ እንዲህ ነበረች። ከስፖርት ኃላፊው አጠገብ አንድ መኮንን ተቀምጧል፤ የበላይ ሰዎች «ይኼ ኳስ አያልቅም እንዴ?» ብለው ልከውት ነው ይባላል። ነፋሱ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። እኔ በጎኑ በኩል ቆሜያለሁ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጀማል የሚባለው የሞጆ አጥቂ፣ ኳሶቹን ራሱ የሚሰፋው የቆዳ ሠራተኛ፣ ኳስ ይዞ መጣ። እግሩ ሲተሳሰር እንጠብቃለን። አልተሳሰረም። አቧራው በዚያች ቅጽበት ተነሣና ያየሁት የደጀኔን መላ ሰውነት አየር ላይ ተዘርግቶ ነው፤ ከዚያ የቋሚውን እንጨት ድምፅ ሰማሁ። አቧራው ሲያልፍ ኳሷ ከመስመሩ ማዶ ተቀምጣለች።

ጎል ሲገባ እንዲያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። ከሞጆ የመጣው ሰው እንኳ አልጮኸም። ጀማል ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ዳኛው ፊሽካውን አፉ ላይ አድርጎ ወደ ኃላፊው ዞረ፤ ኃላፊው ጫማውን ያያል። ኳሷ መሐል ተመለሰች። ቀጥሎ ያየሁትን ለልጆቼ ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል፤ የሞጆ ተከላካዮች ገለል ብለው ለእኛ አጥቂ መንገድ ለቀቁለት፣ በረኛቸው ሳይነካው ወደቀ፣ ሕዝቡ በሁለቱም ወገን «አግባው! አግባው!» እያለ ለመነው። ልጁ ባዶ ጎል ፊት ለፊት ብቻውን ቆመ። መታት። ከአግዳሚው በላይ ግንቡን አልፋ ሄደች። ዳኛው ሰዓቱን ለጠጠ፣ እንደገና ለጠጠ፤ እንደገና ሲሞክሩ እንደገና ሳቱ። በስተመጨረሻ መኮንኑ ተነሥቶ የእጅ ሰዓቱን በጣቱ መታ መታ አደረገ። ፊሽካው ተነፋ። ያን እሑድ ሶደሬ የወረደ የለም።

በዚያው ሳምንት ካሚዮኖቹ መጡ። የሁለቱንም ቡድን አንድ ላይ ጫኗቸው፤ ጆንያ ላይ አልነበረም፣ ዘፈንም አልነበረም። ደጀኔ ያቺኑ እኔ የጣፍኩለትን ማልያ ከሸሚዙ ሥር ለብሶ ነበር። ለእናቴ «እመለሳለሁ» አላት፤ እኔን ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሊጉ በሚቀጥለው ዓመት አልተጀመረም፣ በኋላም አልተጀመረም። ሜዳው መጀመሪያ የእህል መጋዘን፣ ቀጥሎ የመኪና ማቆሚያ ሆነ፤ አሁን መስታወት የለበሰ ሆቴል ቆሞበታል። ባለፈው ሠርግ ተጠርቼ ስገባ አዳራሹ ውስጥ ዓይኔ ቋሚው የነበረበትን ቦታ ሲፈልግ፣ ኬኩ የተቀመጠበት ጥግ ሆኖ አገኘሁት። መርዶአችን ከዓመታት በኋላ መጣ። ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ፣ አርባው ወጣ። ሐዘኑን ተቀበልነው፤ ብቻችንን አልነበርንምና።

ያልተቀበልነው ወሬውን ነው። ከተማ ሐዘን ሲበዛበት ጥፋተኛ ይፈልጋል። አንዱ ደጀኔ ከሞጆ ሰዎች መጠጥ ተጋብዞ ነበር አለ፤ ሌላው ዘግይቶ ነው የዘለለው፣ ኳሷን አልደረሰባትም፣ ልቡ ቀድሞ ሄዶ ነበር አለ። ደህና በረኛ ቢኖረን ልጆቻችን ይተርፉ ነበር ያለች ሴት አለች፤ በዕድር ስብሰባ ላይ ነው ያለችው፣ እናቴ በተቀመጠችበት። ተነሥቼ ልናደድባት ስል እናቴ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ያቺ ሴት እዚያ ካሚዮን ላይ ሁለት ልጅ ነበራት። እናቴ ከዚያ ወዲያ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት። ሽሮ እያማሰለች፣ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች፣ ድንገት ቀና ብላ «ጽጌ፣ እንዴት አመለጠችው? ብርጭቆ የማታመልጠው ልጅ?» ትለኛለች። «ነፋሱ ነው እማዬ» እላለሁ። የአልጋ ቁራኛ ሆናም ይህንኑ እየጠየቀች ነው የሞተችው። እኔ በበኩሌ መልሱን ጀማል ላይ ደፍድፌ ተገላገልኩ። ቃሉን የበላ ከሀዲ ብዬ፣ አንድ ቀን ያላነጋገርኩትን ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ጠላሁት። ጥላቻ ቢበሉት የማያልቅ ስንቅ ነው።

ወደ ሽታው ልመለስ። ከቆርቆሮ ጥላ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጦ የጋሪ ፈረስ ጠፍር ሞራ እየቀባ ያሻል፤ ፊቱ ከዕድሜው በላይ ተጨማዷል። ጋሪ ከዋናው መንገድ ከተከለከለ ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠራ ያለም አልመሰለኝም ነበር። «አካም ጅርቱ» ብዬ በኦሮምኛ ደህንነቱን ጠየቅሁ፤ «ፈያ፣ ገለቶሚ» ብሎ አመሰገነኝ፣ ቀና ሳይል። ምርኩዝ አጠገቡ ተጋድሟል፤ ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ቆሜ የቆዳውን ሽታ ስስብ ጊዜ ቀና አለ። ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«የደጀኔ እህት አይደለሽም?» አለኝ። «ጆሮሽ የእሱ ነው።»

ስሙን ነገረኝ፤ ጀማል ነበር። ከግንባር ተመልሶ ሞጆ ሲገባ ሰላም የሚለው ሰው አጥቶ ወደ ዝዋይ ሄዶ እንደኖረ፣ አሁን አዳማ ልጁ ቤት እንደመጣ ኋላ ነገረኝ። በዚያች ሰዓት ግን ዘንቢሌን ጥዬበት ልሄድ ምንም አልቀረኝም። ስንት ዓመት ያጠናሁት ስድብ ነበረኝ። አፌ ላይ የመጣው ግን የእናቴ ጥያቄ ሆነ።

«ጋሽ ጀማል፣ ያቺ ኳስ እንዴት ገባች?»

ጠፍሩን ጭኑ ላይ አሳረፈው። «ሙት ወቃሽ ካላልሽኝ እነግርሻለሁ።»

«ይንገሩኝ። አልልም።»

«ኳሷ ከጎሉ ጀርባ ወጥታ ላቀብለው ሄድኩ። ‹ጀማል፣ አንዴ የምርህን ምታልኝ› አለኝ። ‹አብደሃል እንዴ?› አልኩት። ‹በእናትህ፣ አንዷን ብቻ። መውሰዳቸው እንደሆነ አይቀርም። አንዲት የምር ኳስ እንኳ ሳልነካ ልሂድ?› አለኝ። ‹ብታመልጥህስ?› ብለው ከት ብሎ ሳቀ። ‹የአንተ ኳስ እኔን ልታመልጥ?› አለ። እኔም ለራሴ ሰልችቶኝ ነበር፣ እህቴ። እግሬ አፍሮብኝ ነበር።» የጎደለውን እግሩን አየ። «ሞኝ አልነበርኩም። ጉልበቴን አልሰሰትኩበትም፣ ግን አቅጣጫዋን ከቋሚው ውጭ አደረግኋት። ይዝለል፣ ደስ ይበለው፣ ብታልፈውም ውጭ ናት ብዬ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ነካት።» ድምፁ ወረደ። «ማንም አይነካትም ነበር፣ የእሱ እጅ ሆኖ ነው። በጣቱ ጫፍ ነካት፣ መንገዷን አጣመመው፣ ቋሚውን መታችና ገባች። ባይነካት ኖሮ ወደ ውጭ ነበረች። ይህን ለማን ልንገር? ለእናታችሁ ልንገር? እሱን ከምትወቅሱ እኔን ጥሉኝ አልኩ።»

ቆርቆሮው በነፋስ ተንኳኳ። ከወዲያ ሹፌሩ «ማዘር! ጨርሻለሁ፣ እንሂድ!» እያለ ይጣራል። አለቀስኩ፤ ሰው መንገድ ላይ እያየኝ፣ ዘንቢሌን እንደያዝኩ፣ እንደ ልጅ። ለወንድሜ ይሁን፣ ለእናቴ ይሁን፣ በከንቱ ለጠላሁት ለዚህ ሰው ይሁን አላውቀውም። ጀማል ደንግጦ ምርኩዙን ፈለገ። «ባልነገርኩሽ ይሻል ነበር» አለ።

«የለም» አልኩት። «ያቺን አንዷን ቃል ብቻ ይድገሙልኝ።»

«የቷን?»

«እናቴ ሳትሰማት የሞተችውን።»

 ከዚያ ሞራ የነካውን ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ሁለት ጣቶቹን ዘረጋና «ነክቷታል» አለኝ፤ «በእነዚህ በሁለቱ።»